የሚቀመጥ ከሆነ ማማዬ ላይ ይቀመጥ

ጡረታ ወጥቼ ወደ ሸዋ ሮቢት ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ስም ወጥቶልኛል፤ እምቢተኛው መምህር ይሉኛል። ስሙ የወጣልኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው። ለእርቅ፣ ለጋብቻ፣ ለድንበር ጠብ ሽማግሌ ሁን ሲሉኝ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እወጣለሁ። ለኳስ ሲሉኝ ግን አልሄድም።

በቅርቡ አንድ ጎረቤቴ በባጃጅ እደጄ ድረስ መጣ። የልጅ ልጁ በታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ተጠባባቂ ሆኖ እንደሚውል ነገረኝና፣ አሰልጣኙ የእኔ ተማሪ ስለነበረ ሁለት ሰው ጨምሬ ሄጄ እንዳናግርለት ለመነኝ። ልጁ ሙሉ ጨዋታ እንዲጫወት፣ ከተቻለም ከተከላካይነት ወጥቶ አጥቂ እንዲሆን ይፈልጋል። አልሄድም አልኩት። ለምን ሲለኝም አልሄድም ብቻ አልኩት። ተቀየመኝ፤ ባጃጁ ሲነሣ ደህና ዋል እንኳ አላለኝም። ይቀየም። እኔ በዚህ ጉዳይ ገና በንጉሡ ዘመን ተቀይሜ የጨረስኩ ሰው ነኝ።

ምክንያቱን ያልነገርኩት ብዙ ስለሚያስወራ ነው። የሥራ ዘመኔን ካልነገርኩት አይገባውም፣ ባጃጁ ደግሞ እስከዚያ ቆሞ አይጠብቀውም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ ያነበበ ያንብበው። ለረጅም ዘመን አገልግሎቴ የተሸለምኩት ብርድ ልብስ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ብርድ ልብስ። ከሳጥን ሳይወጣ ብል እየበላው ነው፤ እኔም ከእሱ የተሻለ ሥራ የለኝም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ የተመኘሁት ታሪክ ማስተማር ነበር። ደብረ ብርሃን ስደርስ የታሪኩ ቦታ ተይዟል አሉና ቁመቴን ከላይ እስከ ታች አይተው ስፖርት ሰጡኝ። በዚያን ጊዜ የስፖርት አስተማሪን አስተማሪ የሚለው ሰው ጥቂት ነበር። ሒሳብ አስተማሪው ከረባቱን አሥሮ ሲያልፍ እኔ በቁምጣ ቆሜ ፊሽካ እነፋለሁ፤ መንግሥት ለዚህም ደሞዝ ይከፍላል ወይ እያሉ የሚስቁ ነበሩ። ይከፍል ነበር፤ ስለ መጠኑ ግን አልናገርም፣ ያሳፍራል።

ሥራውን ሥራ ያደረገልኝ ጋሽ ወልዴ ነው። ጋሽ ወልዴ በወጣትነቱ በጦር ሠራዊት ቡድን ውስጥ የተጫወተ፣ ጉልበቱ ተሰብሮ በሥርዓት ሳይጠገን የቀረ፣ እያነከሰ የሚያሰለጥን ሰው ነበር። በዚያ በደብረ ብርሃን ውርጭ ከተማሪው ሁሉ ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየተራመደ ጠጠር ይለቅማል። የለቀመውን ሜዳው ዳር አይጥለውም፣ ልጆች መልሰው ይረግጡታል ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ እንደተቀደደ ነው። ኳሷን ማታ ማታ ሞራ ይቀባታል፤ ደረቅ ቆዳ ግንባር ይልጣል ይላል። ከጨዋታ በኋላ ለተሸነፈ ልጅ አንዲት ቃል አይናገርም። ምክርም ስድብም በማግሥቱ ነው።

ልጅን የሚመርጠው ሜዳ ላይ አልነበረም። በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ውሃ ሲጠጡ ያያቸዋል። ማን ይጋፋል፣ ማን ተራ ይጠብቃል፣ ማን አጎንብሶ ሲጠጣ ዞር ብሎ ኋላውን ያያል። "ልጅ ኳስ ሲሰጡት ያስመስላል፤ ውሃ ሲጠማው አያስመስልም" ይለኝ ነበር። ኋላውን የሚያየውን ተከላካይ ያደርገዋል። እኔ መጀመሪያ ስቄበታለሁ፣ ኋላ ግን በዚያ መንገድ የመረጣቸው ልጆች ሲሳሳቱ አላየሁም።

ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት ግን ከወላጅ ጋር አነጋገሩን ነው። አንድ አባት ስለ ልጁ ቦታ ሊነጋገር ሲመጣ ጋሽ ወልዴ መልስ አይሰጥም። ባርኔጣውን አንሥቶ "ና እንውጣ" ይላል። ሜዳ ይወስደውና ልጁ የሚቆምበት ቦታ ላይ ያቆመዋል። ከዚህ ምን ይታይሃል ብሎ ይጠይቀውና ዝም ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ልጄን ለምን ከግራ መስመር አወጣህብኝ ብሎ እየፎከረ መጣ። ጋሽ ወልዴ በግራ መስመር አቆመው። ሰውዬው እዚያ ቆሞ ሜዳውን ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና ድምፁ ወረደ። ልጁ በሕፃንነቱ ታሞ በቀኝ ዓይኑ ደህና አድርጎ እንደማያይ ለማንም ነግሮ አያውቅም ኖሮ፣ እዚያው ተናገረ። በግራ መስመር የቆመ ሰው ጨዋታው ሁሉ በቀኙ ነው። ልጁን ወደ ቀኝ መስመር ወሰድነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የቡድኑ አምበል ሆነ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስዛወር ጋሽ ወልዴ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኝ። የመጨረሻ ምክሩ ይህ ነበረ። "ስለ ኳስ ቤትህ ድረስ የመጣን ሰው ቤትህ ውስጥ አትመልስለት። ቤትህ ውስጥ ባለቤት ነህ፤ ባለቤት ደግሞ ለእንግዳ እምቢ ማለት አይችልም። ሜዳ አውጣው።"

ጣርማ በርን ወርደን ቆላው ሲቀበለን ኮቴን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስገባ ሹራቤንም አውልቄ ነበር። ያ ኮት ከዚያ በኋላ አልተለበሰም። ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ልጆችን ማስሮጥ እንደማይቻል የተማርኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ልምምዳችን በማለዳ ሆነ። ሜዳችን ከደሴ መንገድ ጎን ያለ ክፍት ቦታ ነበር፤ ኳስ አስፋልቱን ከተሻገረ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጨዋታ ይቆማል። በገበያ ቀን ግመል በመሐላችን ሲያልፍ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ያሳልፋል። ወባ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ልጅ ያስተኛብኛል። ይህን ሁሉ ለመድኩት፤ ያልለመድኩት ሰውን ነው።

ዲሬክተራችን ለሁሉም እሺ የሚል ሰው ነበር። ለአውራጃው እሺ፣ ለወረዳው እሺ፣ ለግራዝማች ደግሞ እሺ ብቻ ሳይሆን እጅ ነሥቶ እሺ። ግራዝማች ሽፈራው በቀወት በኩል ሰፊ መሬት የነበራቸው ባለርስት ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የብዙዎቹ አባቶች ጭሰኞቻቸው ነበሩ። የሁለት ክፍል ጣራ ቆርቆሮ የሰጡትም እሳቸው ናቸው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ዲሬክተሩ ወደ ጣራው ቀና ብሎ ይመርቃቸዋል። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ደጀኔ የሚባል። ደጀኔ ኩራት ያልነካው፣ እንደ ሚዳቋ የሚሮጥ ልጅ ነበር። የቀኝ ክንፍ አድርጌ አጫውተው ነበር፤ በዚያ ቦታ ከእሱ የተሻለ አልነበረኝም።

ያልነበረኝ በረኛ ነው። አንድ ቀን ልጆቹ የለጓት ኳስ አስፋልቱን ተሻግራ ከግራሮቹ ማዶ ወደቀች። ሊያመጣት የሄደው ይመር የሚባል የቀወት ገበሬ ልጅ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚመጣው ከሩቅ በእግሩ ነው። ይመር ኳሷን ይዞ አልተመለሰም። ከዚያው ከማዶ ቆሞ በእጁ ወረወራት። በግራሮቹ አናት፣ በመንገዱም ላይ አልፋ ደረቴ ላይ መጣች። የት ተማርከው ስለው አፈረና "ማማ ላይ ነው ጋሼ" አለኝ።

ማማ በማሽላ እርሻ መሐል በረጃጅም እንጨት ላይ የሚሠራ መቆሚያ ነው። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር አንድ ልጅ እዚያ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ምሽት በወንጭፍ ወፍ ሲከላከል ይውላል። ግሪሳ የሚባለው ወፍ ደመና ሆኖ ይመጣል፤ አንዴ ከወረደ የቤተሰብ የዓመት ቀለብ አበቃ ማለት ነው። ይመር ከሕፃንነቱ ጀምሮ እዚያ ላይ የኖረ ልጅ ነበር። በበረኛ ቦታ ባቆምኩት ጊዜ የሆነውን ለማመን ተቸገርኩ። ሌላው ልጅ ኳሷን ሲያይ እሱ የሚመታውን ልጅ ትከሻ ያያል። ስጠይቀው፣ ወፍ ጠባቂ መንጋውን እያየ ከወረወረ ሁልጊዜ ይዘገያል፣ የሚወርድበትን ቀድሞ ማወቅ አለበት አለኝ። ደግሞ ይጮኻል። በረኛ መጮኽ አለበት፤ ከፊቱ ያሉት ተከላካዮች የሚያዩት በእሱ ዓይን ነው። እኔ ሌሎች በረኞችን ጩኹ እያልኩ ስለምን ኖሬአለሁ፤ የእሱ ግን ወፍ ሲያባርር የተማረው ጩኸት ስለሆነ ሜዳው ሁሉ ይሰማዋል። እግሩ ግን እንጨት ነበር። ኳስ በእግሩ ስትደርስ የሚያደርገው ይጠፋዋል። ለሌላ ቦታ አይሆንም፤ ለዚህች ቦታ ግን እንደሱ ያለ ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ አላገኘሁም።

የአጣዬ ትምህርት ቤት ቡድን ሊመጣብን ሳምንታት ሲቀሩ የይመር አባት መጡ። እንድሪስ ይባላሉ። በቀጥታ ወደ ግቢው አልገቡም፤ ከአጥሩ ውጭ ከግራር ሥር በዱላቸው ተደግፈው እስክወጣ ጠበቁኝ። ወቅቱ ማሽላው ያፈራበት፣ ወፉ የሚወርድበት ነበር። ልጃቸው በልምምድና በጨዋታ ምክንያት ማማውን እየተወ መሆኑን፣ እናቱና ትንሽ እኅቱ በእሱ ፈንታ እንደሚወጡ፣ የትንሿ ልጅ ክንድ ደግሞ ወንጭፍ እንደማያዞር አስረዱኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ነገሩን ሊረዱ የመጡ ሰው ናቸው።

የጋሽ ወልዴን ምክር አስታወስኩና ይምጡ እንውጣ አልኳቸው። ሜዳ ወሰድኳቸውና ከሁለቱ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መሐል አቆምኳቸው። እንድሪስ መጀመሪያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከዚያ ቀኝና ግራውን አዩ።

"ከዚህ ሁሉም ይታያል" አሉ። "ማማ ነው እንጂ።"

"ልጅዎ ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ነው" አልኳቸው።

ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"እንግዲያው ልንገርዎ፣ አስተማሪ። የሚጫወት ከሆነ ማማው ላይ እኔው እወጣለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ግድ የለም፣ እወጣለሁ። የሚቀመጥ ከሆነ ግን ማማዬ ላይ ይቀመጥ። ሌላ ልጅ ሲጫወት ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ የለኝም።"

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ውል ከወላጅ ጋር ተዋውዬ አላውቅም። ይቆማል አልኳቸው። እጅ ተጨባበጥን። በማግሥቱ ይመር ወደ ልምምድ ሲመጣ አባቱ ማማ ላይ መሆናቸውን በፈገግታ ነገረኝ። መውረድ ሲያቅታቸው እናቱ ከታች ሆና ስትስቅባቸው እንደነበር ሁሉ አወራልኝ።

በዚያው ሰሞን በልምምድ ላይ አንዱ ልጅ የደጀኔን ቅልጥም ረገጠው። ያበጠ ነገር ነው፣ በሦስት ቀን ይድናል። ቤታቸው ሲገባ ግን እናቱ አለቀሱ። ለአንድ ልጃቸው የተሳሉት ስለት ብዙ ነው ይባላል። ግራዝማችም ነገሩን አጠኑትና በሜዳው ላይ ማንም የማይረግጠው፣ በእጁ የሚጫወት፣ የማይሮጥ አንድ ልጅ መኖሩን ደረሱበት። ልጄ በረኛ ይሁን አሉ። ክፉ ሐሳብ ነው አልልም። ስለ ኳስ ምንም የማያውቅ፣ ልጁን የሚወድ አባት ሐሳብ ነው። በረኛ በጫማና በጉልበት መሐል ራሱን የሚጥል መሆኑን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ ቀርቦ ለሳቸው የሚነግር ማን አለ?

መጀመሪያ ዲሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። ወደ ጣራው ቀና ብሎ፣ የበረኛ ቦታ ከባድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስረዳሁት። ደጀኔን ከክንፍ ካነሣሁት ማጥቂያዬ እንደሚጠፋ፣ ይመርን ካነሣሁት የግቡ በር እንደሚከፈት፣ አንዱን ቦታ ሲነኩ ሁለት ቦታ እንደሚፈርስ ነገርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና "እኔ ምንም አላልኩም፤ አንተ ታውቃለህ" አለኝ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አንተ ታውቃለህ የሚል አለቃ እፈራለሁ።

እሑድ ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ እኔ ከቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ኳስ ስሰፋ ነበር። ሦስት ናቸው። ፊት የመጡት ዕድሜያቸው የገፋ መሪጌታ ናቸው፤ ቀጥለው በከተማው የተከበሩ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ፤ ከኋላ ደግሞ እንድሪስ። እንድሪስን ሳይ የመጡበት ነገር ሌላ መስሎኝ ነበር። ተነሥቼ ወንበርና ቁርበት አወጣሁ፣ በጥላው በኩል ዘረጋሁ። ግቡ፣ አረፍ በሉ አልኩ። መሪጌታው በትራቸውን ተክለው ቆሙ።

"እሺ ሳትለን አንቀመጥም።"

ሽማግሌ የተላከበት ሰው የሚፈራት ቃል ይህች ናት። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ቆመው መዋል ይችላሉ። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ግን የሰማንያ ዓመት ሰው ደጅህ ላይ ቆሞ ስታየው፣ ያንተ እሺታ ለእሱ ጥላ ነው። ሐጂው የግራዝማችን ጥያቄ በለሰለሰ አንደበት አቀረቡ። ልጁ አንድ ነው፣ እናቱ እንቅልፍ የላትም፣ ግራዝማች ለትምህርት ቤቱ ያደረጉት ይታወቃል፣ የጠየቁትም ገንዘብ አይደለም፣ አንዲት ቦታ ናት። እሺ ይበልጣል ከሺህ አሉ። እኔ ሁሉንም ይዤ ሜዳ ልውጣ ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌዎቹን አየሁ፤ መሪጌታው ያልባቸዋል፣ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። በዚህ ፀሐይ ሜዳ ድረስ ኑ እንዴት ይባላል? ጋሽ ወልዴ ምክሩን የሰጠኝ በብርድ አገር ሆኖ ነው።

የቦታው ባለቤት ሌላ ልጅ ነው፣ ለአባቱም ቃል ገብቻለሁ አልኩ። ይህን ስል እንድሪስን እያየሁ ነው። መሪጌታው ለዚህ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት።

"የልጁ አባት ይኸው አብሮን ቆሟል። እሱው ይናገር።"

እንድሪስ መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቀና አላሉም።

"የግራዝማች ልጅ ይቁም" አሉ። "የኔ ልጅ ይቀመጥ።"

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ከትከሻዬ ላይ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ባለቤቱ ከፈቀደ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። እሺ አልኩ። መሪጌታውና ሐጂው መረቁኝ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። እንድሪስ አልተቀመጡም። ውሃውንም አልጠማኝም ብለው መለሱት። ይህን ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት አይደለም።

የአጣዬ ቡድን የመጣ ቀን ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ግራዝማች ወንበር ወጥቶላቸው፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው ከሜዳው ዳር ተቀምጠዋል። ደጀኔ በሁለቱ ቋሚዎች መሐል ሲቆም ፊቱን አየሁት፤ እንዲህ የደነገጠ ልጅ አይቼ አላውቅም። ማንም የልጁን ፈቃድ አልጠየቀም ነበር፣ እኔም ጭምር። ይመርን ከዳር፣ ከተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት። ምክንያቱን በማለዳ ነግሬዋለሁ፤ አባትህ ፈቅደዋል አልኩት። እሺ ጋሼ ብቻ አለኝ።

አጣዬዎች ወዲያው አወቁብን። ከሩቅ መምታት ጀመሩ። ደጀኔ ኳሷን እያየ ይጠብቃል፣ ኳሷ ስትደርስ ይዘገያል። ከፊቱ ያሉት ተከላካዮች የሚጮኽላቸው ስላጡ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በቀኝ ክንፍ ያስገባሁት ልጅ ደግሞ ኳስ ሲያገኝ ወደኔ ዞሮ ምን ላድርግ እንደማለት ያየኛል። እረፍት ሳይደርስ ሦስት ገባብን። ሕዝቡ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ኋላ መሳቅ ጀመረ፤ የግራዝማች ልጅ መሆኑን የሚያውቅ በእጁ አፉን ይዞ፣ የማያውቅ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይስቃል። በእረፍት ደጀኔ እያለቀሰ መጣ። "ጋሼ ወደ ክንፌ መልሰኝ፤ ይመርን አስገባው" አለኝ። በሜዳው ላይ ኳስ የገባው ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ይመር ብዬ ወደ አግዳሚው ዞርኩ። አግዳሚው ላይ ማልያው በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ንፋስ እንዳይወስደው አንዲት ክብ ጠጠር ተጭኖበታል፣ የወንጭፍ ጠጠር። ልጁ የለም። አጠገቡ የነበሩትን ስጠይቅ፣ ጨዋታው እንደተጀመረ ተነሥቶ ወደ ቀወት መንገድ እንደሄደ ነገሩኝ። የሚቀመጥ ከሆነ ማማዬ ላይ ይቀመጥ የተባለውን እኔ ረስቼው ነበር፤ እሱ አልረሳውም።

ስንት እንደገባብን አልጽፍም። ደጀኔ በመጨረሻ ራሱን ጥሎ አንድ ኳስ ሊይዝ ሲል ጣቱ ተሰበረ። እግሩ እንዳይነካ የተለመንኩለት ልጅ እጁን ታሥሮ ቤቱ ገባ። ኳስ ዳግመኛ አልነካም። ይመርም ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዘመኑ ተገልብጦ መሬት ላራሹ ሲባል ግራዝማችም እንደ ሌላው ሆኑ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ደስ አላለኝም። ይመር ያን ጊዜ ትዳር ይዞ ያርስ ነበር፤ ፊደሉንም ሳይረሳው አይቀርም።

ከጨዋታው በኋላ በሰኞው፣ ክፍሌን ለሌላ አስተማሪ ትቼ ቀወት ሄድኩ። ልጁን መልሼ ላምጣ ብዬ ነው። ማሽላው ከራሴ በላይ ቆሞ ነበር። ከሩቅ የይመር ጩኸት ይሰማኛል፣ በሜዳው ላይ የለመድኩት ጩኸት። ማማው ሥር ስደርስ አባቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ይመር ከላይ ሆኖ ወንጭፉን ያዞራል፤ አየኝ፣ ግን ፊቱን መልሶ ወደ ሰማዩ አደረገ። ሰላምታ ሰጠሁ። እንድሪስ መለሱልኝ፤ ተቀመጡ ግን አላሉኝም።

ተናገርኩ። ልጁ ይመለስ፣ ቦታውን እመልስለታለሁ፣ ዓመቱ ገና ነው አልኩ። ዝም ሲሉኝ ተናደድኩ። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ከደጄ ቆመው የኔ ልጅ ይቀመጥ ያሉት አልኳቸው። እንድሪስ ጉልበታቸውን ማሸት ተዉ።

"ብያለሁ። ግራዝማች ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ፣ በል ያሉኝን እላለሁ። የተቀመጥኩት በሳቸው መሬት ነው።" ወደ ማሽላው በእጃቸው አሳዩኝ። "ሦስት ሆነን መጣን አይደል? ሁለቱ እርስዎ እሺ እንዲሉ መጡ። እኔ እምቢ እንዲሉ ነበር የመጣሁት።"

ቀና ብለው ወደ ማማው አዩ።

"እኔ እምቢ ብል ይህ ሳይታጨድ ልቀቅ እባላለሁ። እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት። እምቢ ቢሉ ምን ይሆኑ ነበር?"

አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ፤ ያገኘሁት ይኸው ብቻ ነው።

"ያዛውሩኝ ነበር።"

"ወዴት?"

"እንጃ። አጣዬ ይሆናል።"

እንድሪስ አጣዬ ወዳለበት ወደ ሰሜኑ በኩል አዩ።

"አጣዬ" አሉ። "እኔ በሬ ልሸጥ በእግሬ የምሄድበት አገር።"

ዱላቸውን ይዘው ተነሡና ማሽላው ውስጥ ገቡ።

ግራዝማች ልጃቸው በሕዝብ ፊት ስለተዋረደ ጥፋቱን ያደረጉት በእኔ ነው። ዲሬክተሩም እሺ አላቸው። ክረምቱ ሲገባ የዝውውር ደብዳቤዬ ደረሰ፤ ወደ አጣዬ ነበር። በአውቶቡስ ሄድኩ፣ ከቀትር በፊት ደረስኩ።